ከጎንደር አርባ ምንጭ፦ በአውሮፕላን፣ በአውቶቡስ ወይስ ግማሽ በግማሽ?

የእህቴ ልጅ ዩኒቨርሲቲ አርባ ምንጭ ደረሳት። ቤተሰቡ ጎንደር ነው። እናቷ ዜናውን እንደሰማች መጀመሪያ የጠየቀችው ስለ ትምህርቱ አልነበረም። «ስንት ሰዓት ይፈጃል?» አለች። ልጅቷ ስልኳ ላይ የሁለቱን ኤርፖርቶች ስም አስገብታ ፈለገች። ርቀቱ 717 ኪሎ ሜትር፣ በረራው 54 ደቂቃ የሚል መልስ አገኘች። እህቴ ደስ ብሏት ደወለችልኝ። «እንዲህማ ከሆነ ባሕር ዳር ደርሶ ከመመለስ ይቀላል!» አለችኝ።

ደስታዋን ማበላሸት ከበደኝ፤ ግን ነገርኳት። ያ 54 ደቂቃ ስለሌለ በረራ የተሰላ ነው። ከጎንደር ተነስቶ በቀጥታ አርባ ምንጭ የሚያርፍ መደበኛ በረራ የለም። ሁሉም በአዲስ አበባ በኩል ነው። ስለዚህ ልትጠይቁ የሚገባው «ከአየር ማረፊያ አየር ማረፊያ ስንት ኪሎ ሜትር ነው?» የሚለውን ሳይሆን «አዲስ አበባ ላይ ስንት ሰዓት እቆማለሁ?» የሚለውን ነው። ገንዘቡም፣ ድካሙም፣ የቲኬት ጣጣውም እዚያ ላይ ነው የሚወሰነው።

ይህን መስመር በአየርም በምድርም ደጋግሜ ሄጄበታለሁ። ለእህቴ በስልክ ያስረዳኋትን ነው እዚህ ዘርዘር አድርጌ የጻፍኩት። ከመቀሌ ጅማ፣ ከባሕር ዳር ጅግጅጋ፣ ከጎዴ አሶሳ ለምትሄዱም ስሌቱ ያው ነው። ከተሞቹን ብቻ ቀይሩ።

ቁጥሩ ከየት ይመጣል?

ጎንደር ከምድር ወገብ በስተሰሜን 12 ዲግሪ ተኩል ላይ ናት። አርባ ምንጭ 6 ዲግሪ ላይ። ሁለቱም ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ሲታዩ 37 ዲግሪ ተኩል አካባቢ ስለሆኑ ካርታ ላይ ማስመሪያ ብታስቀምጡ መስመሩ ከሰሜን ወደ ደቡብ ቀጥ ይላል። አንድ ዲግሪ ወደ 111 ኪሎ ሜትር ነው። ስድስት ዲግሪ ተኩሉን በዚያ ብታባዙት 717 አካባቢ ይመጣል። ርቀቱ ትክክል ነው ማለት ነው።

ችግሩ ሰዓቱ ላይ ነው። አብዛኛው የርቀት ማስሊያ ኪሎ ሜትሩን ለትልቅ ጄት ፍጥነት፣ በሰዓት 800 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ያካፍለዋል። አንዳንዱ ለመነሻና ለማረፊያ ግማሽ ሰዓት ይጨምራል፣ አንዳንዱ አይጨምርም። ለዚህ ነው አንዱ 54 ደቂቃ፣ ሌላው አንድ ሰዓት ከ25 የሚላችሁ። ሁለቱም በረራ መኖር አለመኖሩን አያዩም።

እውነተኛው መንገድ ይኸውላችሁ። ከጎንደር አዲስ አበባ በአየር 420 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከአዲስ አበባ አርባ ምንጭ 350 ገደማ። ድምሩ 770። አያችሁት? በአዲስ አበባ በኩል መዞሩ የጨመረው 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። አዲስ አበባ ከመንገዱ ብዙም አትወጣም። ጊዜ የሚበላው መጠበቁ ነው።

በእነዚህ መስመሮች ላይ ብዙ ጊዜ የምታገኙት ባለ ሁለት ፕሮፔለሩን ኪው 400 አውሮፕላን ነው። ከጄት ትንሽ ይዘገያል፤ ግን እንዲህ ባለ አጭር በረራ ልዩነቱ የደቂቃዎች ነው። ከጎንደር አዲስ አበባ አንድ ሰዓት ከአሥር ያህል፣ ከአዲስ አበባ አርባ ምንጭ አንድ ሰዓት ያህል ብላችሁ ያዙ።

መጀመሪያ መመዘኛችሁን ለዩ

ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከዋጋ ነው። እኔ መጀመሪያ እነዚህን እንድትጠይቁ እፈልጋለሁ።

ከቤት እስከ ቤት ስንት ሰዓት ነው? ከኤርፖርት እስከ ኤርፖርት አይደለም። የጎንደሩ አፄ ቴዎድሮስ ኤርፖርት አዘዞ ነው፤ ከፒያሳ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። የአርባ ምንጩ ለከተማው ቅርብ ነው። ያም ሆኖ ሻንጣ መጠበቅ አለ፣ ባጃጅ መያዝ አለ። የምትሄዱት ከከተማው ሁለት ክፍሎች ሲቀላ ነው ወይስ ሴቻ የሚለውም ለውጥ አለው።

ጠቅላላ ወጪው ስንት ነው? ቲኬት ብቻ አይደለም። አዲስ አበባ ማደር ካለ አልጋ፣ እራት፣ ከቦሌ ወጥቶ መመለሻ ራይድ አለ። ሻንጣ ከተፈቀደው ኪሎ ካለፈ ቅጣት አለ። በአውቶቡስም ቢሆን የሁለት ቀን ምግብና አልጋ ሲደመር ርካሽ የመሰለው ያን ያህል ርካሽ አይሆንም።

አንድ ነገር ቢበላሽ ኪሳራው የማን ነው? ይህን ብዙ ሰው አይጠይቅም። እኔ ከሁሉም አስበልጬ የማየው ይህን ነው። ምክንያቱን ከታች እነግራችኋለሁ።

ተጓዡ ማን ነው? የ19 ዓመት ተማሪና ጉልበቷን የሚያማት የ70 ዓመት እናት በአንድ መለኪያ አይለኩም።

መንገዱ ዛሬ እንዴት ነው? የትናንት ወሬ ለነገ አይሠራም። የአየሩም የምድሩም እንደዚያው።

አማራጭ አንድ፦ በአየር፣ በአንድ ቲኬት፣ በአንድ ቀን

ይህ ማለት ከጎንደር አርባ ምንጭ ብላችሁ በአንድ ጊዜ ትቆርጣላችሁ፣ ጠዋት ትነሳላችሁ፣ አዲስ አበባ ትቀይራላችሁ፣ ከሰዓት በኋላ ትደርሳላችሁ።

አንድ ቀን ምን እንደሚመስል እንየው። ሰዓቶቹ ለምሳሌ ያህል ናቸው፣ የበረራ ሰሌዳ አይደሉም። በረራው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ቢሆን ሁለት ሰዓት ቀድማችሁ፣ 1 ሰዓት ላይ፣ አዘዞ መድረስ አለባችሁ። ስለዚህ ከቤት 12 ሰዓት ከሩብ ትወጣላችሁ። 4፡10 አዲስ አበባ ትገባላችሁ። ሦስት ሰዓት ትጠብቃላችሁ። 7፡10 ትነሳላችሁ፣ 8፡10 አርባ ምንጭ ትደርሳላችሁ። ሻንጣ ተቀብላችሁ ሲቀላ ስትደርሱ 8፡50 ሆነ። ከቤት ከወጣችሁ ስምንት ሰዓት ከ35 ደቂቃ። ከዚህ ውስጥ አየር ላይ የነበራችሁት ሁለት ሰዓት ከአሥር ብቻ ነው።

እና 54 ደቂቃ የተባለው ስምንት ሰዓት ተኩል ሆነ። ቢሆንም ከሁሉም ፈጣኑ ይህ ነው።

የዚህ አማራጭ ትልቁ ጥቅም ፍጥነቱ አይመስለኝም። ቲኬቱ አንድ መሆኑ ነው። የመጀመሪያው በረራ ዘግይቶ ሁለተኛው ቢያመልጣችሁ በሚቀጥለው ማሳፈር የአየር መንገዱ ኃላፊነት ይሆናል። ሻንጣውም ከጎንደር በቀጥታ ለአርባ ምንጭ ይለጠፍላችኋል። ቼክ ኢን ስታደርጉ የሻንጣው ወረቀት ላይ የተጻፈው የመጨረሻ ከተማ አርባ ምንጭ መሆኑን በዓይናችሁ እዩ። አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ጉድለቱ? በየቀኑ ጥሩ ግንኙነት ላይኖር ይችላል። ሰኞ ሁለት ሰዓት ጠብቃችሁ የምትሄዱበት መስመር ረቡዕ ስድስት ሰዓት ሊያስጠብቃችሁ ይችላል። ቀኑን አንድ ሁለት ወደፊትና ወደኋላ እየቀያየራችሁ እዩ። ደግሞ መሄጃው ተመቸ ማለት መመለሻው ይመቻል ማለት አይደለም፤ ሁለቱን ለየብቻ ተመልከቱ።

ሁለት ቲኬት መቁረጥ፦ ለይቼ የማነሳው ጉዳይ

አንዳንድ ሰው ከጎንደር አዲስ አበባ አንድ ቲኬት፣ ከአዲስ አበባ አርባ ምንጭ ሌላ ቲኬት ይቆርጣል። ምክንያቱ ይለያያል። አንዱን ቀድሞ ይዞት ነበር፣ ወይም አንዱን ወንድሙ ከውጭ ከፍሎለት ነው፣ ወይም ለየብቻ ሲታይ ትንሽ የቀነሰ ይመስለዋል።

እኔም አድርጌዋለሁ። ክረምት ነበር። ጎንደር ጠዋት ደመናው ወርዶ አውሮፕላኑ ሁለት ሰዓት ተኩል ዘገየ። አዲስ አበባ ስደርስ ሁለተኛው በረራዬ በሩ ተዘግቷል። ቲኬቶቹ ስለማይተዋወቁ «አልመጣም» ተብዬ ተመዘገብኩ። ለቅሶ ለመድረስ ነበር የምሄደው። ሁለተኛውን ቲኬት እንደገና ገዛሁ፣ አልጋ ተከራየሁ፣ ቀብሩ አመለጠኝ። ገንዘቡን ረስቼዋለሁ። ቀብሩን ግን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ስለዚህ ምክሬ ግልጽ ነው። አንድ ቲኬት ከሆነ መካከል ላይ ሁለት ሰዓት ይበቃል። ሁለት ቲኬት ከሆነ ከአራት ሰዓት በታች አትግቡበት፣ በክረምት ደግሞ አድራችሁ ብትሄዱ ይሻላል። ሻንጣችሁንም ራሳችሁ ተቀብላችሁ እንደገና ማስገባት እንዳለባችሁ አስቡ። እንደገና ፍተሻ፣ እንደገና ሰልፍ።

አማራጭ ሁለት፦ በአየር፣ አዲስ አበባ አድሮ

የዚያው ቀን ግንኙነት ካልተገኘ ወይም ከሰዓት በኋላ ከጎንደር የምትነሱ ከሆነ ማደር ግድ ነው። ዘመድ ቤት የሚያድር ሰው ከዚህ የሚያጣው ነገር የለም። እንዲያውም ለአዛውንት ከሁሉ የተሻለው ይህ ይመስለኛል። አንድ ሰዓት በረራ፣ እረፍት፣ እንቅልፍ፣ ከዚያ ሌላ አንድ ሰዓት። እናቴን የወሰድኳት እንዲህ ነው። ስትደርስ እግሯ አላበጠም።

አልጋ ለሚከራይ ግን ሒሳቡ ይለወጣል። ቦሌ አካባቢ ያለው አልጋ ውድ ነው። ራቅ ካላችሁ ደግሞ ንጋት ላይ ለመመለስ የራይድ ዋጋው ይጨምራል፣ እንቅልፉም ይቆረጣል። ይህን ሁሉ ደምራችሁ ከአማራጭ አንድ ጋር አወዳድሩ። የቲኬቱ ዋጋ ያነሰ መስሎ ድምሩ ሲበልጥ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

አማራጭ ሦስት፦ ግማሽ በአየር፣ ግማሽ በአውቶቡስ

ለብዙ ቤተሰብ የሚሠራው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ሲነገር ግን ብዙ አልሰማም።

በምድር ከጎንደር አዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ዓባይን ሁለት ጊዜ ትሻገራላችሁ፣ አንዴ ባሕር ዳር፣ አንዴ ደጀንና ጎሐ ጽዮን መካከል በረሃው ውስጥ። የበረሃው ቁልቁለትና ዳገት ብቻውን ትዕግሥት ይፈልጋል። ከአዲስ አበባ አርባ ምንጭ ግን በሆሳዕና በኩል 450፣ በሻሸመኔ በኩል 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ማለዳ የተነሳ አውቶቡስ ከሰዓት በኋላ ይገባል፤ ጉዞው ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ይፈጃል በሉት።

ስለዚህ አንዱን ግማሽ ብቻ በአየር ለመሄድ አቅም ካላችሁ የሰሜኑን ግማሽ በአየር አድርጉት። ረጅሙና አድካሚው እሱ ነው። ከ2015 ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል ባለው ግጭት ምክንያት መንገዱ የሚዘጋበትና ሰው በሥጋት የሚጓዝበት ጊዜ ብዙ መሆኑንም ሁላችንም እናውቃለን። ያኔ ወደ ጎንደርና ወደ ሌሎች የክልሉ ከተሞች የሚደረጉ በረራዎችም ለቀናት ተቋርጠው ነበር። አውሮፕላን ከሁሉ ነገር ያድናል አልላችሁም። ግን የሰው ሕይወት ያለበት ነገር ላይ የጥቂት ሺህ ብር ልዩነት አይታየኝም።

የደቡቡን ግማሽ በአውቶቡስ ስትሄዱ ዕቃ በነፃነት ትይዛላችሁ። በተለይ ስትመለሱ ከአርባ ምንጭ ሙዝና ማንጎ ሳይዝ የሚመለስ የለም፤ በአየር ደግሞ ያ ሁሉ በኪሎ ይቆጠራል።

አንድ ነገር አስተውሉ። አውሮፕላኑ ቦሌ ያወርዳችኋል፣ አውቶቡሱ ደግሞ ገና ሳይነጋ ከሌላ የከተማው ጫፍ ይነሳል። በአንድ ቀን ሁለቱን ማገናኘት አይሞከርም። አንድ ሌሊት አዲስ አበባ ማደር የዚህ አማራጭ አካል ነው። የአውቶቡስ ቲኬቱን ከአንድ ቀን በፊት ቁረጡ፣ መነሻ ቦታው የት እንደሆነ ቲኬት ቆራጩን በቃል ጠይቁት። የምታድሩትም ለመነሻው ቅርብ ቦታ ይሁን።

አማራጭ አራት፦ ሙሉ በሙሉ በአውቶቡስ

በጠቅላላው 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ። ቢያንስ ሁለት ሙሉ ቀን፣ መካከል ላይ አዲስ አበባ አዳር። የሰሜኑ ቀን 12 ወይም 13 ሰዓት ወንበር ላይ ነው፣ ኬላና ፍተሻ ከበዛ ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። መንገድ ላይ አንድ ነገር ቢያጋጥም ሦስት ቀን ይሆናል።

ርካሹ ይህ ነው፣ አይካድም። ተማሪ እያለሁ ሌላ ምርጫ አልነበረኝም። መንገዱ ሰላም በሆነበት ጊዜ አገር የማየት ዕድል ነው። በአንድ ጉዞ ከጣና ዳር እስከ አባያ ዳር ትደርሳላችሁ። ዛሬ ግን ማንንም ሰው፣ በተለይ ብቻዋን የምትሄድ ልጅ፣ በዚህ እንድትሄድ ከመምከሬ በፊት መንገዱን በዚያ ሳምንት የሄደበትን ሰው ማነጋገር እፈልጋለሁ። ሾፌሮችና ረዳቶች ከማንም በላይ ያውቃሉ። መናኸሪያ ሄዳችሁ ጠይቋቸው።

አማራጭ አምስት፦ ጎረቤት ኤርፖርት

ከጎንደር ቦታ ካጣችሁ ባሕር ዳር አለ፤ በመኪና 180 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ሦስት ሰዓት። በደቡብ በኩል ወደ አርባ ምንጭ በረራ ከሌለ ሐዋሳ ላይ ማረፍ ይቻላል፤ ከዚያ በሻሸመኔና በወላይታ ሶዶ አድርጋችሁ በመኪና አርባ ምንጭ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ይህን የምመክረው በዓል ሲሆንና ሌላው ሁሉ ሲሞላ ብቻ ነው። የባሕር ዳሩ ክፍል ላይም የመንገዱ ሁኔታ ያው ጥያቄ ነው።

ሁሉም በአንድ ሰንጠረዥ

| አማራጭ | ከቤት እስከ ቤት | ወጪ | በረራ ወይም መንገድ ቢበላሽ | ድካም | ዕቃ |
|---|---|---|---|---|---|
| በአየር፣ አንድ ቲኬት፣ በአንድ ቀን | 8–10 ሰዓት | ከፍተኛ | አየር መንገዱ ያስተካክላል | ቀላል | በኪሎ የተገደበ |
| በአየር፣ ሁለት ቲኬት | 10 ሰዓትና ከዚያ በላይ | ከፍተኛ | ኪሳራው የእናንተ ነው | መካከለኛ፣ ጭንቀት አለው | በኪሎ የተገደበ |
| በአየር፣ አዲስ አበባ አድሮ | ከአንድ ቀን በላይ | ዘመድ ካለ እንደ አንደኛው፣ ከሌለ የሁሉም ከፍተኛ | እንደ ቲኬቱ ዓይነት | በጣም ቀላል | በኪሎ የተገደበ |
| ሰሜኑን በአየር፣ ደቡቡን በአውቶቡስ | ሁለት ቀን | መካከለኛ | አዳሩ መተንፈሻ ይሰጣል | መካከለኛ | በመጀመሪያው ግማሽ የተገደበ |
| ሙሉ በአውቶቡስ | 2–3 ቀን | ዝቅተኛ | መንገድ ላይ መቆም አለ | ከባድ | ብዙ ይጫናል |
| በጎረቤት ኤርፖርት | እንደ መንገዱ | መካከለኛ ወይም ከፍተኛ | ብዙ ነገር መገጣጠም አለበት | መካከለኛ | በኪሎ የተገደበ |

የብር ቁጥር ያልጻፍኩት ሆን ብዬ ነው። የውጭ ምንዛሪ ሥርዓቱ ሐምሌ 2016 ከተቀየረ ወዲህ የቲኬትም የነዳጅም ዋጋ ቶሎ ቶሎ ስለሚለዋወጥ ዛሬ የምጽፈው ለከርሞ ያሳስታችኋል።

ለማን የትኛው?

ለቅሶ፣ ሕክምና፣ የሥራ ፈተና ያለበት ሰው፦ አማራጭ አንድ፣ በአንድ ቲኬት። ከቻላችሁ ከጉዳያችሁ አንድ ቀን ቀድማችሁ ግቡ። የቀብር ነገር ከሆነ መቅደም አይቻልም፤ ያኔ የጠዋቱን የመጀመሪያ በረራ ያዙ። ጠዋት የዘገየ ከሰዓት በኋላ ሌላ ዕድል ሊያገኝ ይችላል፤ የመጨረሻው በረራ ያመለጠው ግን እስከ ነገ ነው።

አዛውንት፣ ነፍሰ ጡር፣ ሕፃን የያዘች እናት፦ ዘመድ ካለ አማራጭ ሁለት። ተሽከርካሪ ወንበር የሚያስፈልግ ከሆነ ቲኬት ሲቆረጥ አስመዝግቡ፣ ኤርፖርት ደርሳችሁ አትጀምሩት።

ከውጭ የምትመጡ፣ ከዋሽንግተንም ከዱባይም፦ የምትመጡት በኢትዮጵያ አየር መንገድ ከሆነ ለአገር ውስጥ በረራ ቅናሽ እንዳለ አትርሱ። ዓለም አቀፍ ቲኬታችሁን ማሳየት ይኖርባችኋል። ከሁሉ የሚሻለው የአገር ውስጡን ከመነሻው በዚያው ቲኬት ላይ ማስገባት ነው። ሻንጣ ይዛችሁ ከገባችሁ ፓስፖርት ቁጥጥርና ጉምሩክ ጊዜ ይወስዳል፣ ከዚያም ወደ አገር ውስጥ በረራው መሄድ አለ። ለዚህ ከሦስት ሰዓት ያነሰ አትተዉ። ሁለት ሳምንት እረፍት ላለው ሰው በአውቶቡስ አራት ቀን ማጥፋት አያዋጣም።

ጥምቀትን ጎንደር ለማክበር የምትሄዱ፦ ከጥር 11 በፊት ያሉት ቀናት ቀድመው ይሞላሉ። ወር ሁለት ወር ቀድማችሁ ቁረጡ። ካልሆነ አማራጭ አምስት ውስጥ ትገባላችሁ።

ነጋዴ፣ ብዙ ዕቃ ያለው፦ ዕቃውን በመኪና ላኩት፣ ራሳችሁ በአየር ሂዱ። ከኪሎ በላይ እየከፈሉ አብሮ መጫን አልፎ አልፎ ካልሆነ አያዋጣም።

ተማሪ፣ አቅሙ የተወሰነ ቤተሰብ፦ አማራጭ ሦስት።

ቲኬት ላይ የሚያሳስቱ ነገሮች

ቲኬት ላይ ያለው ሰዓት የፈረንጅ ነው። 07:10 ተብሎ ከተጻፈ በእኛ ከጠዋቱ 1፡10 ነው። 15:40 ደግሞ ከሰዓት በኋላ 9፡40። የአንድ ዘመዴ ባል 07:10ን «ሰባት ሰዓት ከአሥር» ብሎ አንብቦ ምሳውን በልቶ ኤርፖርት ሄደ፤ አውሮፕላኑ ከሄደ ሰዓታት አልፈውት ነበር። ስድስት ቀንሱ፣ ከዚያ በስልክ ለሚጠብቃችሁ ሰው በኢትዮጵያ ሰዓት ንገሩት። ሁለታችሁም «ጠዋት» ወይም «ከሰዓት» የሚለውን ቃል ጨምሩበት።

ቀኑም እንደዚሁ። ቲኬት ላይ ያለው የፈረንጅ ቀን ነው። «ለ12 ቁረጥልኝ» ብላችሁ ለዘመድ ስትልኩ የየትኛው ወር፣ የየትኛው አቆጣጠር 12 እንደሆነ ጻፉ። የሳምንቱን ቀን ብትጨምሩበት ደግሞ ስህተቱ ወዲያው ይታያል።

ስም። ቲኬቱ ላይ ያለው የላቲን ፊደል አጻጻፍ ከመታወቂያው ወይም ከፓስፖርቱ ጋር አንድ መሆን አለበት። ፀሐይ፣ ጽጌ፣ ቅድስት የመሰሉ ስሞች በሦስት በአራት ዓይነት ይጻፋሉ። ለሌላ ሰው ስትቆርጡ መታወቂያውን ፎቶ አስልካችሁ እያያችሁ ጻፉ።

ቅቤ፣ ማር፣ ጠላ የመሰለ ነገር በእጅ ሻንጣ አትያዙ፤ ፍተሻ ላይ ይቀራል። በደንብ አሽጋችሁ ከታች በሚገባው ሻንጣ አድርጉት። በርበሬና ሽሮም ያው፣ በሁለት ፌስታል።

እህቴ ይህን ሁሉ ሰምታ መጨረሻ ላይ አማራጭ ሦስትን መረጠች። ልጅቷ ከእናቷ ጋር ቅዳሜ ጠዋት ከአዘዞ በአየር ትነሳለች። እኔ ቦሌ እቀበላቸዋለሁ። እሑድ እኛ ቤት ያርፋሉ፣ ቅዱስ ገብርኤልም መሳለም ፈልገዋል። ብርድ ልብሱንና ድስቱን ከጎንደር እንዳይሸከሙ መርካቶ እንገዛዋለን ብያቸዋለሁ። ሰኞ ንጋት 10 ሰዓት ላይ ቀስቅሼ አውቶቡሱ ድረስ አደርሳቸዋለሁ። እናቷ ስትመለስ ብቻዋን ስለሆነች በአንድ ቲኬት ከአርባ ምንጭ ጎንደር በአየር ቆርጠንላታል፤ አዲስ አበባ ላይ የምትጠብቀው ሁለት ሰዓት ከሃያ ነው።